የአማ አበበች ቀማሽ ነበርኩ

ሽታ ነው ሰውን ወደ ድሮው የሚመልሰው ሲሉ እሰማለሁ። አንዱ የተቆላ እህል ሲሸተው የልጅነት ሰፈሩ ድቅን ይልበታል፤ ሌላው ዝናብ የነካው አፈር ሲያውደው ያገባበት ዓመት ትዝ ይለዋል። እኔን ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ላይ ወደ ድሮው የመለሰኝ ግን ምንም አለመሽተቱ ነው። ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ቢራ ፊቴ ቀርቦ፣ አፍንጫዬን እስከ አረፋው አስጠግቼ ስስብ፣ ከቀዝቃዛ አየር በቀር አንዳች ነገር አልመጣልኝም። ብርጭቆው እንዳያዳልጠኝ በሁለት እጄ ያዝኩት።

ሥራዬ የቢራ ገብስ ነው። በየወረዳው እየዞርኩ ገበሬው ያመረተው ገብስ ለብቅል ይሆናል አይሆንም ብዬ እፈርማለሁ። ጡረታ ልወጣ ስድስት ወር ቀርቶኛል። ከአምስት ወር በፊት አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘኝና ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። መጀመሪያ አልነቃሁም ነበር። ባለቤቴ ወጥ ጠብቅ ብላኝ ገበያ ወጣች፤ እኔ ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ሳነብ ወጡ አርሮ ከሰል ሆነ፤ ጭሱን አይታ በሩን የደበደበችው ጎረቤታችን ናት። ባለቤቴ ስትመጣ «አንተ ጋዜጣ ከያዝክ ቤቱ ቢቃጠልም አትነሳም» አለችኝ። እኔም ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። ዝንጉ መባል ይሻለኛል፤ አፍንጫው የሞተ የገብስ ባለሙያ ግን ማን ደመወዝ ይከፍለዋል? ለመሥሪያ ቤቴም ትንፍሽ አላልኩም። ምላሴ መራራውን፣ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን አሁንም ይለያል፤ በሱና በዓይኔ ስድስቷን ወር ተደብቄ አልፋታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሆሳዕና የተላክሁት ከሀዲያና ከከምባታ ደጋ የሚመጣው ገብስ ለትንንሽ መጥመቂያዎች እንደሚሆን በጽሑፍ እንዳረጋግጥ ነው። ቢራውን ቀምሼ ቅጽ መሙላት አለብኝ፤ ቅጹ ላይ «ቀማሽ» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ስሜና ፊርማዬ ይሰፍራል። መጥመቂያው ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ኤርሚያስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ምግብ ምህንድስና ተምሮ፣ ሌላ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ አገሬ ላይ የራሴን እሠራለሁ ብሎ የመጣ ልጅ ነው። ሦስት የሚያብለጨልጩ ጋኖች አቁሟል፤ እሱ ታንክ ይላቸዋል። «ቤተሰቦቼ ጴንጤ ናቸው ጋሼ» አለኝ ገና እጄን ሲጨብጠኝ። «እናቴ ይሄን በር ረግጣ አታውቅም። ግን ትጸልይልኛለች።» እሱም አይጠጣም። ይቀምስና ከእግሩ ሥር ባስቀመጠው ባልዲ ይተፋዋል።

የመጀመሪያውን ቀላ ያለውን ቀዳልኝ። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ይሄ በዚሁ በደጋው ገብስ የጠመቅሁት ነው። ምን ይልዎታል?»

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ጎንጨት አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቀማሽ ዓይኑን ሲጨፍን ሰው ያምነዋል። «ጥራቱ ግሩም ነው። አረፋውም ቶሎ አልወረደም። የእህሉ መዓዛ ጎልቶ ይወጣል» አልኩት። የመጨረሻዋ ቃል ከየት እንደመጣች እኔም አላውቅም። ኤርሚያስ ፈገግ አለ።

ሁለተኛውን ሲቀዳ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ትልቁ ታንክ ነው። ሐሙስ ዱራሜ ላይ ሆቴል ይመረቃል፤ ነገ ጠዋት የሚጫነው ይሄ ነው። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነው ጋሼ።» ይህን ብሎ ብርጭቆውን ሰጥቶኝ እጁን አጣምሮ ቆመ። ቀመስኩት። መራራነቱ ልክ ነው፤ ትንሽ ጣፈጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለኔ ግድግዳ ነው። «ይሄስ ከመጀመሪያው ይበልጣል!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ልጁ ወለል ወለሉን አየ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ይሄ እኮ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ነው ልጄ!» አልኩት ቆጣ ብዬ። ፈሪ ቁጣው ቅርብ ነው።

«አይ፣ እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ነገር እየሸተተኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ካሉ ግን... እንግዲያስ አፍንጫዬ ነው የተበላሸው። ከዛሬ ወዲያ በራሴ አፍንጫ ምንም አልወስንም።»

ይህንኑ ንግግር፣ በዚሁ ከተማ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሦስተኛውን ቢራ ሊቀዳ ወደ ታንኩ ሲሄድ እኔ አማ አበበች ጓሮ ነበርኩ።

ያኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ስመጣ ጢሜ ገና አልበቀለም ነበር ማለት ይቻላል። ግብርና ቢሮ ተቀጥሬ ነው። ሁለት ሱሪ ነበረኝ፤ አንዱ ከታች ሰፊ፣ መንገድ የሚጠርግ፣ ለእሑድና ለቅዳሴ የማወጣው፤ ሌላው ካኪ። ሸሚዜ ኮሌታው የጆሮ ያህል ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ኮንጎ ጫማ እያወለቀ ያስቀር ስለነበር ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ገበያ ሲሻገር ማየት ብርቅ አልነበረም። ዛሬ ያ መንገድ ኮብልስቶን ለብሶ ባጃጅ ይተራመስበታል። መናኸሪያው ጥግ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥራ አምስት ይሸጥ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ትይዩ የሆኑ ሁለት ሱቆች ነበሩ፤ አንዱ የዘፈን ካሴት ይቀዳል፣ ሌላው የመዝሙር። ሁለቱም ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አውጥተው ቀኑን ሙሉ ሲፎካከሩ ይውላሉ፤ በመሃል ስታልፍ በቀኝ ጆሮህ ፍቅር፣ በግራ ጆሮህ ንስሐ ትሰማለህ። እኔ መሃል መሃሉን መሄድ ነበር የምወደው። አሁን በዘፈኑ ቤት ቦታ የሞባይል መጠገኛ ቆሟል፤ የመዝሙሩ ቤት የት እንደነበር ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ።

የተከራየኋት ክፍል አማ አበበች ግቢ ነበረች። አማ ማለት በሀዲይኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ሴት ልጆች በጠላ የሚያሳድጉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ገብሱን ነክረው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነው ያበቅሉታል፤ ቅጠሉን ሲገልጡት ያቆጠቆጠውን እህል እንደ ጨቅላ ፀጉር በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ከየወረዳው ብቅላቸውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ከሆመቾም ከሀቢቾም። ታዲያ እኔ በገባሁበት ዓመት አማ አበበች ጌታን ተቀበሉ። ጠላ ጠማቂ ጴንጤ! ሰፈሩ ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው መጥተው፣ ጓሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ግማሽ ቀን መከሩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሦስቱን ልጆች አይተዋል። በመጨረሻ ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ ድረስ ሥራውን ይሥሩ፣ ነገር ግን አንዲት ጠብታ ከአፋቸው እንዳትገባ ብለው ወሰኑ። አማ እጅ ነስተው ተቀበሉ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው ጉዱ የገባቸው። የማይቀምሱትን እንዴት አድርገው ይጠምቃሉ?

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። «አንተ ካቶሊክ ነህ አይደል?»

«አዎ አማ።»

«ካቶሊክ ይጠጣል አይደል?»

«ይጠጣል አማ።»

«በቃ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ትቀምስልኛለህ። እኔ ቆጮ በጎመን አበላሃለሁ።»

እንዲህ ሆኜ ተሾምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከጋኑ በጣሳ ቀድተው ይሰጡኝና ጀርባቸውን ያዞራሉ። ሰው ሲጠጣ ማየትም ያስጎመጃል ብለው ሽማግሌዎቹ ያላሉትን ሕግ በራሳቸው ላይ ጨምረው ነበር። ግድግዳውን እያዩ፣ እጃቸውን ከኋላቸው አቆላልፈው፣ «እህ?» ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን «ጥሩ ነው» ብያቸው ተቆጡኝ። «ጥሩ ምን ማለት ነው? ጥሩማ እኔም በሩቁ እላለሁ። ጎኑን ንገረኝ! ጌሾው ነው የበዛው? ብቅሉ ነው ያነሰው? ጋኑ ነው የሸተተው?» እኔ ደግሞ ስለ ገብስ ከመጽሐፍ የተማርኩ፣ ስለ ጠላ ምንም የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ቀስ በቀስ ጎኑን መለየት ለመድኩ። ጋኑ በግራዋ በደንብ ያልታጠበ እንደሆነ፣ ወይራው ያነሰው እንደሆነ፣ አሻሮው ያረረ እንደሆነ ለጀርባቸው እነግራለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። ዛሬ ባለሙያ የሚያሰኘኝን ነገር የተማርኩት እዚያ ጓሮ ነው፤ ያስተማሩኝም አንድ ጉንጭ የማይቀምሱ ሴት ናቸው። ይህን በሕይወት ታሪኬ ቅጽ ላይ ጽፌው አላውቅም።

አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ኖርን። ከዚያ አንድ የሆመቾ ነጋዴ፣ ሰውየው ኦርቶዶክስ ነው፣ ልጁን ሊድር አራት ጋን ጠላ አዘዘ። አማ የዓመቱን ገብስ ሁሉ አፈሰሱበት። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ተጠራሁ። ጣሳውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ገና ሳልቀምስ አወቅሁት፤ ያኔ አፍንጫ ነበረኝ። ኮምጥጧል። ሌላውን ጋን ቀዳሁ፣ ያው ነው። ቀና ስል ጀርባቸውን አየሁት። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። ትልቋ ልጅ በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፤ አማ ለሷ የሚሆን አዲስ ቀሚስ አስለክተው ነበር። በአፋቸው ውስጥ ቀስ ብለው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። «እህ?» አሉ።

«ጥሩ ነው አማ።»

«ጎኑስ?»

«ጎን የለውም። ሁሉም ልክ ነው።»

ለምን እንዲህ አልኩ? ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፊታቸው ሲጠቁር ማየት ፈራሁ። ፊታቸውን እንኳ አላየሁትም እኮ፣ ጀርባቸውን ነው ያየሁት! ያን ጊዜ ብነግራቸው ኖሮ ለሠርጉ አንድ ሙሉ ቀን ቀርቶ ነበር፤ ነጋዴው ከሌላ ቦታ ይገዛል፣ እሳቸውም ገብሱን ያጣሉ እንጂ ስማቸውን አያጡም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ጋኖቹ በፒክአፕ ተጭነው ሲሄዱ እኔም እንደ ደህና ሰው አግዤ ጫንኩ። ሰኞ ዕለት ጋኖቹ ሳይጎድሉ ተመለሱ። እንግዳው አንድ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ አስቀምጦታል፤ ነጋዴው በሠርጉ መሃል ሰው ልኮ ቢራ በሳጥን አስመጥቷል። በሳምንቱ ወሬው ገበያውን አዳርሶ ነበር፦ የማትቀምሰውን ትሸጣለች እያሉ።

አማ አልጮሁብኝም። ማክሰኞ ማታ ቆጮዬን ይዘው መጡና፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ዓይኔን አዩኝ። «እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ አልጣላህም። ያን ቀን ጥሩ ነው ያልከው ቀምሰኸው ነው ወይስ አሳዝኜህ?»

በሩ ክፍት ነበር። የምወጣበት በር ማለቴ ነው። «ቀምሼው ነው አማ። እማምላክን! መንገድ ላይ ፀሐይ ነው ያበላሸው» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው ግራና ቀኝ ገልብጠው አዩት። «እንግዲያስ እጄ ነው የከዳኝ» አሉ። «ስጠምቀው ልቤ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። አንተ ልክ ነው ስትል ልቤን ዝም በል አልኩት። ከአሁን ወዲያ እጄንም ልቤንም አላምነውም።»

በዚያው ሳምንት ጋኖቹን በአጥሩ ሥር ደፏቸው። ብቅሉንም ተዉት፤ ያን ከየወረዳው ሰው የሚፈልገውን ብቅል። ገበያ ጎመን ይዘው መቀመጥ ጀመሩ። ትልቋ ልጅ ፈተናውን ሳትወስድ አንድ ሱቅ ተቀጠረች። እኔ ደግሞ በዓመቱ ተዛውሬ ሄድኩ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። እነግራቸዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ ስል መሞታቸውን ሰማሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት፣ ወደ መጥመቂያው ከመሄዴ በፊት፣ ግቢያቸው የነበረበት ቦታ ሄጄ ነበር። አራት ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ከታች ፋርማሲ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ «ምን ልርዳዎት?» ስትለኝ የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ወጣሁ።

ኤርሚያስ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዞ ተመልሶ ፊቴ ቆሟል። ስልኩን አውጥቶ የመኪናውን ሰው ለነገ ሊያረጋግጥ ቁጥር ይፈልጋል። ስድስት ወር ነው የቀረኝ። አሁን ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ሐሙስ ዱራሜ ላይ እንግዳው ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ይህ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ የራሱን አፍንጫ ሲጠራጠር ይኖራል።

«ስልኩን አስቀምጠው ኤርሚያስ» አልኩት። «እኔ አይሸተኝም።»

«ምኑ?»

«ምንም። ምንም ነገር አይሸተኝም። አምስት ወር ሆኖኛል። አሁን አንድ ጋን በርበሬ ብታቃጥል የማውቀው ዓይኔ ሲያለቅስ ነው።»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። «የመጀመሪያውንስ? መዓዛው ጎልቶ ይወጣል ያሉትስ?»

«ዋሽቼህ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቆጣቱ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ማክበሩ ደግሞ አፉን ይዞታል። «ሁለት ወር ሙሉ እርስዎን ስጠብቅ ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። «ትልቅ ሰው ይመጣል፣ እሱ ይነግረኛል እያልኩ።» ይቅርታ አልኩት፤ ይቅርታዬ ከሱ አልፎ የት ድረስ እንደሚሄድ እሱ አያውቅም።

ከዚያ ተነሣና ከሁለተኛው ታንክ አዲስ ብርጭቆ ቀዳ። አሸተተ፤ ጎንጨት ብሎ ባልዲው ላይ ተፋ፤ እንደገና አሸተተ። እኔ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። አሁን እሱ ግሩም ነው ቢለኝ ምን አድርጌ እንቢ እለዋለሁ? እዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አፍንጫ የሱ ብቻ ነው፤ ሆቴሉም፣ ነገ የሚመጣው መኪናም፣ የእናቱ ጸሎትም በሱ በኩል ነው። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ቅቤ ነው» አለ። «ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እኛ አገር ቅቤ የሸተተ ነገር ሁሉ ይወደዳል፤ ቢራ ግን እንዲህ ከሆነ መፍላቱ አልቀናም ማለት ነው።» ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው። ዓይኑ ቀላ። «ይደፋ።»

ቅጹ ላይ «ቀማሽ» በሚለው ቦታ የሱን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ በራሴ እጅ፣ ባለሙያው ማሽተት ስለማይችል ሌላ ባለሙያ ይላክ ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ፤ ሐሳቤ ሳይለወጥ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለመሥሪያ ቤቴ ላክሁት። ኤርሚያስ ሆቴሉ ጋ ደውሎ ለሐሙስ እንደማይደርስ ነገራቸው። በወዲያኛው በኩል የሚጮኸው ሰው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። ልጁ «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» እያለ ሰማ፤ መንገድ ላይ ተበላሸ አላለም፣ መብራት ጠፋ አላለም።

ሲጨርስ ወደ ታንኩ ሄዶ መክፈቻውን ያዘ። ያዘና ቆመ። ያ ሁሉ ገብስ፣ ያ ሁሉ ሳምንት እዚያ ውስጥ ነው። ዘወር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ።

«ጋሼ፣ ልክ ነኝ አይደል?»

አዎ ልክ ነህ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ለመናገር የሚቀለኝ ቃል እሱ ነው።

«እኔ አላውቅም ልጄ» አልኩት። «የምታውቀው አንተ ነህ።»

ከዚያ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገና መክፈቻውን አዞረው።